ማሽን ሲባል ምን ማለት ነው?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)





የዩኒየን በዓል ሲከበር ስለ ካፒታል ዕድገት፣ ስለ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር አቅርቦት፣ ስለ ትርፍ ክፍፍል መነገሩ የተለመደ ነው፤ ተገቢም ነው። ይህ ንግግር ግን የሚያተኩረው በአንድ ቃል ላይ ነው። ቃሉ ማሽን ነው። በበዓል ቀን ስለ ቃል ማውራት ሥራ ፈትነት የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ በየማኅበሩ ቃለ ጉባኤ ላይ የግዥ ውሳኔ እንዴት እንደሚጻፍ ያስታውስ።

እንበልና አንድ መሠረታዊ ማኅበር በጠቅላላ ጉባኤው «ለአባላት አገልግሎት የሚውል አንድ ሞተር ይገዛ» ብሎ ወሰነ። እጅ ወጣ፣ ተጨበጨበ፣ ተጻፈ፣ ማኅተም አረፈበት። በማግሥቱ ግዥ ኮሚቴው ባሕር ዳር ገበያ ሲወጣ ግን ሞተር የሚባለው ነገር አንድ ብቻ አይደለም። በከተማው ጎዳና ላይ ሞተር ማለት ሁለት ጎማ ያለው፣ ሰው የሚፈናጠጠው ነው። በሐይቁ ላይ ሞተር ማለት ከጀልባው ኋላ የሚታሰረው ነው። በርብና በጉማራ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም በሚያለማው ገበሬ አፍ ሞተር ማለት ውሃ መሳቢያው ከነቱቦው ነው። በጋራዥ ውስጥ ደግሞ ሞተር ማለት የሚሽከረከረው አካል ብቻውን ነው፤ ፓምፑም ቱቦውም አይቆጠሩም። እጃቸውን ያወጡት አባላት የተስማሙት በቃሉ እንጂ በዕቃው አልነበረም ማለት ነው። ሻጩም ቢሆን አልዋሸም። «ሞተር» ተብሎ ተጠየቀ፣ ሞተር ሸጠ። ቱቦው ለብቻው ይከፈላል፣ የቱቦው ማጣሪያም ለብቻው ይከፈላል። የገንዘብ ያዡ ሒሳብ የሚዛባው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ ከመነሻው ይታይ። ማሽን የሚለው ቃል የተወለደው በግሪክ ነው። ሜካኔ ይሉት ነበር፤ ዶሪክ በሚባለው የግሪክኛ ዘዬ ደግሞ ማካና። ትርጉሙ በመጀመሪያ ብረትም፣ ጥርስም፣ ጎማም አልነበረም፤ መላ፣ ዘዴ፣ ብልሃት ማለት ነበር። ቀጥሎ በብልሃት የተሠራው ዕቃ በብልሃቱ ስም ተጠራ። ግንብ የሚደረምሰው የጦር ዕቃም፣ በቲያትር መድረክ ላይ አማልክት ሆነው የሚጫወቱትን ሰዎች ከላይ የሚያወርደው ማንሻም በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር። ሮማውያን ማኪና ብለው ወሰዱት። እንግሊዝኛ ዛሬም ሴራና ተንኮልን ከዚሁ ሥር በወጣ ቃል ይጠራል፤ መላ ለክፉም ለደግም ይውላልና። ሞተርን ኢንጂን የሚለው ቃልም ተመሳሳይ ታሪክ አለው፤ በላቲን የተፈጥሮ ችሎታና ብልህነት ማለት ነበር፣ ኢንጂነር የሚለውም የወጣው ከእሱ ነው። የእኛው መሐንዲስ በዐረብኛ በኩል የመጣ ሲሆን መነሻው ልክና መስፈሪያ የሚል የፋርስ ቃል ነው። ፈረንጅ ብልሃቱን ሲያይ የምሥራቁ ሰው ልኩን አየ። ለገዢ የሚጠቅመው የቱ እንደሆነ ወደ ኋላ ይታያል።

ይህ አንድ ቃል ወደ አማርኛ የገባው በሦስት በር ነው። በጣሊያንኛ በር ሲገባ መኪና ሆነ። ጣሊያኖች ማኪና ሲሉ የሚሠራውን ዕቃ ሁሉ፣ ከዚያም በተለይ የሚነዳውን ተሽከርካሪ ማለታቸው ነው፤ አማርኛም ሁለቱንም ትርጉም ተቀበለ። የልብስ ስፌት መኪና፣ የጽሕፈት መኪና እየተባለ የኖረው ለዚህ ነው፤ የስፌቱም ሆነ የጽሕፈቱ መኪና ጎማ ኖሮት አይደለም። በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ በር ሲገባ ማሽን ሆነ። በሦስተኛው በር የገባው ሰው ሆኖ ነው፦ መካኒክ። ሦስቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ነገር ግን ተለያይተው ስላደጉ እርስ በርስ የሚተዋወቁ አይመስሉም። አንድ ገበሬ «መኪናዬ ተበላሸ፣ መካኒኩ ማሽን ሾፕ ወሰደው» ሲል አንዱን የግሪክ ቃል በአንድ ትንፋሽ ሦስት ጊዜ ተናግሯል። ሾፌር እንኳ የራሱ ታሪክ አለው፤ በፈረንሳይኛ ማሞቂያ፣ እሳት አንዳጅ ማለት ነው፣ በእንፋሎት ዘመን ከምድጃው አጠገብ ይቆም የነበረው ሰው። ዛሬ መሪ ጨባጩ በዚያ ሰው ስም ይጠራል።

በዚህ አገር ግን ከሁሉም የሰፋ ቃል መኪናም ማሽንም አይደለም። ባቡር ነው።

ባቡር የመጣው እንፋሎት ከሚል የፈረንሳይኛና የጣሊያንኛ ቃል በዐረብኛ በኩል ነው። መጀመሪያ በእንፋሎት የሚሄደው መርከብ በዚህ ስም ተጠራ፤ ከዚያ በእንፋሎት የሚሠራው ሁሉ። ግብፆች ዱቄት የሚፈጨውን ዕቃ፣ በላምባ የሚነደውን ምድጃ ጭምር ዋቡር ይላሉ። በአገራችንም በዐፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚንቀሳቀስ ዕቃ ሐዲድ ሳይኖረው «የሰርኪስ ባቡር» ተባለ። የጅቡቲው የምድር ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። በሌላ አነጋገር፣ ቃሉ ዋና ከተማው ውስጥ ሲነገር የነበረው ሐዲዱ ከመድረሱ በፊት ነው።

ባሕር ዳር ደግሞ የባቡር ሐዲድ ገብቶባት አያውቅም። ሆኖም በጎጃምና በጎንደር ገጠር ባቡር የማያውቅ ሕፃን አይገኝም ነበር፤ ባቡር ማለት ወፍጮው ነውና። እህሉ ባቡር ይወርዳል፣ በአህያ ወይም በሴቶች ጀርባ ተጭኖ ይወርዳል፣ ባቡር ቤት ወረፋ ይያዛል። ይህ ስም ለምን እንደጸና ማወቅ የሚፈልግ የድንጋይ ወፍጮውን ያስብ። እናቶች ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ መጁን ወደፊትና ወደኋላ እየገፉ የቤተሰቡን ዱቄት ያወጡ ነበር። የሚያጉረመርመው ዕቃ መንደር ሲገባ የለወጠው የሴቶቹን ንጋት ነው። ወፍጮ ብለው እንዳይጠሩት፣ ወፍጮ ማለት ለእነሱ ያ ድንጋይ፣ ያ የወገብ ሕመም ነበር። አዲስ ስም አስፈለገው፣ ባቡር ተባለ። ዛሬ የብዙው ባቡር ቤት ጉልበት ናፍጣ ወይም መብራት ነው፤ እንፋሎት የሚባል ነገር በውስጡ የለም። ስሙ ግን አለ። ስም ዕቃው ከተለወጠ በኋላም እንደሚኖር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ማሽን የሚለው ቃል በባሕር ዳር የሠለጠነው በሌላ መንገድ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ጣሊያን በጦር ካሣ በከፈለችው ገንዘብ ተቋቋመ። ፖሊ ቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተከፈተ፤ ከትምህርት ክፍሎቹ አንዱ የእርሻ መካኒክ ነበር። በ1956 ዓ.ም. የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። በአራት ዓመት ውስጥ ሐይቁ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ማሽን፣ ማሽኑን የሚያሠራ ኃይል፣ ማሽኑን የሚጠግን ተማሪ አገኘች። የሩሲያ መምህራን በቋንቋቸው ማሺና ይላሉ፤ እነሱም እንደ ጣሊያኖቹ ማሽኑንም መኪናውንም በዚሁ ቃል ነው የሚጠሩት። ፖሊ ቴክኒኩ በ1992 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

አሁን ወደ ገበሬው ማሳ መመለስ ይሻላል። አራሹ ገበሬ የሚያርስበትን ዕቃ ከላይ እስከ ታች በስም ያውቀዋል፦ ሞፈር፣ ቀንበር፣ እርፍ፣ ድግር፣ ማረሻ፣ ወገል፣ መርገጥ፣ ምራን። ስም የሌለው ቁራጭ የለውም። ወገሉ ቢሰበር ወገል ብሎ ወደ አንጥረኛው ይልካል፤ አንጥረኛውም ወገል ይሠራል። «ማረሻዬ ተበላሸ» ብሎ ዕቃውን ሁሉ ተሸክሞ የሚሄድ ገበሬ አልታየም። ይኸው ገበሬ የውሃ ሞተሩ ሲቆምበት ግን «ሞተሩ እምቢ አለ» ነው የሚለው። ተሸክሞ ከተማ ይወስደዋል፤ እዚያ ስሙን የማያውቀው ነገር ይፈታል፣ ስሙን የማያውቀው ነገር ይቀየራል፣ ለማያውቀው ነገር ይከፍላል።

የጋራዡ ቋንቋ አስፈሪ የሚመስለው ጣሊያንኛ ስለሆነ ብቻ ነው። ውስጡ ሲገለጥ የቤት ዕቃ ነው የሚገኘው። ካንዴላ ማለት በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው፤ እሳት ትጭራለችና። ኩሽኔታ ትንሽ ትራስ ማለት ነው፤ የሚሽከረከረው ዘንግ የሚንተራሰው እሱን ነው። ቺንጊያ ጠፍር ማለት ነው፣ የምራን ዘመድ። ፍሪሲዮን መፋተግ ነው። ማርሽ እርምጃ ማለት ነው። የጣሊያን መካኒክ ከገበሬው የተለየ ነገር አላደረገም፤ በቤቱና በበረቱ ያለውን ስም ለብረቱ ሰጠው። ትራስ ሲያረጅ እንደሚጎረብጥ ማንም ያውቃል፤ ኩሽኔታ ሲያረጅም ይጎረብጣል፣ ይጮኻል፣ ይግላል። ይህን የተረዳ የማኅበር አባል ድምፁን ሰምቶ ኩሽኔታ ይቀይራል፤ ያልተረዳው ዘንጉ እስኪበላ ይጠብቃል። የኩሽኔታና የዘንግ ዋጋ ልዩነት ደግሞ ዕቃ አቅራቢ ሱቅ ለጠየቀ ሁሉ የሚነገር ነው። ሌላም አለ። በናፍጣ የሚሠራ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ አየሩን አጥብቆ በመጭመቅ ነው ናፍጣውን የሚያነደው። «ለሞተራችን ካንዴላ ግዛልን» ተብሎ ከተማ የተላከ ሰው፣ ሞተሩ የቤንዚን ይሁን የናፍጣ ካልተነገረው፣ የማትገባ ሻማ ይዞ ይመለሳል።

አማርኛ በራሱ ወግ ዕቃን ሲሰይም ከሥራው ይነሣል። ከወቃ መውቂያ፣ ከፈለፈለ መፈልፈያ፣ ከረጨ መርጫ፣ ከአበጠረ ማበጠሪያ፣ ከሳበ መሳቢያ። ይህ ስም አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ዕቃው ምን እንዲሠራ እንደተገዛ ይናገራል፣ ያንን ካልሠራም ስሙ ራሱ ይከሰዋል። ማሽን የሚለው ስም ግን ማንንም አይከስም፤ ቆሞም ማሽን ነው። በየሪፖርቱ «ማሽኖች ተሠራጭተዋል» ተብሎ ሲጻፍ ስንቱ እየወቃ፣ ስንቱ እየፈለፈለ፣ ስንቱ ሸራ ለብሶ መጋዘን ውስጥ እንዳለ የማይታየው ለዚህ ነው። የሥራ ኃላፊዎች ይህን እንደ ወቀሳ እንዳያዩት ይጠበቃል፤ የቃል ጉዳይ ነው፣ ግን ሪፖርት የሚሠራው በቃል ነው። መሣሪያ የሚለው ቃል ሠራ ከሚለው የወጣ ጥሩ የአገር ቃል ነበር። ብቻውን ሲነገር ግን ጠመንጃ ሆኗል። ስለዚህ በመተዳደሪያ ደንብ ላይ «የእርሻ» የሚል ሳይጨመርበት ባይጻፍ ይመረጣል፤ ሲነበብ ሌላ ነገር ያስደነግጣል።

ከሥራ የተነሣ ስምም ቢሆን ግማሹን ብቻ ሊናገር ይችላል። ለሐይቁ ዳር አልሚ ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያስወጣው የውሃ መሳቢያው ነገር ነውና ሰፋ ተደርጎ ይታይ። መሳቢያ የተባለው ዕቃ ሁለት ሥራ አለው፤ ውሃውን ወደ ራሱ ይስባል፣ ከዚያ ወደ ማሳው ይገፋል። ስሙ የያዘው የመጀመሪያውን ነው። በመሳቡ ሥራ ላይ ግን የሞተሩ ጉልበት ብዙ ሥልጣን የለውም። ፓምፑ በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ሲያወጣ፣ ውሃውን ወደ ቱቦው የሚያስገባው በወንዙ ፊት ላይ ተጭኖ ያለው የአየር ክብደት ነው። ይህ ክብደት በባሕር ወለል ላይ ውሃን እስከ 10 ሜትር ገደማ ያነሣል። (ለባሕር ዳር ሰው «ከባሕር ወለል በላይ» ሲባል የትኛው ባሕር ብሎ ቢጠይቅ እውነት አለው፤ እዚህ የሚባለው ቀይ ባሕርን የመሰለው ጨዋማው ነው።) ጣና ግን ከዚያ ባሕር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተኛ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ ልኩ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል። ከዚያ ላይ የቱቦ መፋተግና የመጋጠሚያ ትንፋሽ ሲቀነስ፣ በተግባር ከ5 እስከ 6 ሜትር ላይ መቆም ብልህነት ነው። ባለ 5 ፈረስ ጉልበት ሞተር በባለ 10 ቢለወጥ ይህ ቁጥር አይለወጥም።

በበጋ ርብና ጉማራ ሲጎድሉ የሚሆነው ይህ ነው። ውሃው ወደ ታች ይሸሻል፣ ሞተሩ ግን ደረቁ አፋፍ ላይ እንደተቀመጠ ይቀራል። ውሃ ሲያንስ «ሞተሩ ደከመ» ይባላል፤ ትልቅ ሞተር ይገዛል፤ ትልቁም ይደክማል። መፍትሔው ብዙ ጊዜ ከሱቅ ሳይሆን ከአካፋ ነው፦ ደልደል ያለ ቦታ ቆፍሮ ሞተሩን ወደ ውሃው ማውረድ። መሳቡ ካጠረ በኋላ መግፋቱ የሞተሩ ፋንታ ነው፤ እዚያ ላይ ፈረሱ ይሠራል። ስለ ፈረስ ከተነሣ፣ ይህን ልክ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያወጣው የእንፋሎት ሞተር ያሻሻለው ጄምስ ዋት ነው። ዕቃው በወፍጮና በማዕድን ማውጫ የሚሠሩትን ፈረሶች ምን ያህል እንደሚተካ ለገዢዎቹ ለማስረዳት ተጠቀመበት፤ የሻጭ መለኪያ ነው ማለት ነው። ፋብሪካዎችም ልኩን የሚጽፉት ብዙውን ጊዜ በዝቅተኛ ቦታ ባለው ወፍራም አየር ነው። አየር መጫኛ የሌለው ሞተር ግን በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል፤ ጣና ዳር ሲደርስ ከ5 እጅ ወደ 1 እጅ የሚጠጋው ቀርቷል።

የእምቦጭም ነገር እንዲሁ ነው። አረሙ በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ላይ መታየቱ ከታወቀ ወዲህ «ማሽን ይምጣ» የማይል አልነበረም። በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሳይቀሩ አዋጥተው ማሽን ገዙ፤ በአገር ውስጥም ተሠራ። ልቡናቸው የሚመሰገን ነው። ሆኖም ማሽን የሚለው አንድ ቃል አራት ሥራ ሸፍኖ ነበር፦ አረሙን ማጨድ፣ ከውሃ ማውጣት፣ ከዳር ማንሣት፣ ዳግም እንዳይበቅል ማስወገድ። በውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ማጨጃ ጥልቀት ይፈልጋል። አረሙ የሚበረታው ደግሞ ከብት በሚሰማራበት፣ ሩዝ በሚዘራበት ጥልቀት በሌለው ዳር ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ለአንድ ወር በተካሄደው ዘመቻ ብዙ ሰው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ የነቀለው ማሽን ጠልቶ አልነበረም። ከመነሻው «ማጨጃ» እና «ማንሻ» ተብሎ ለየብቻ ቢጠየቅ፣ የጎደለው የትኛው እንደሆነ ስሙ ይናገር ነበር።

በፎገራ ሩዝ ከገባበት ከ1970ዎቹ ወዲህም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው እዚሁ ካለው ከጅግና ነው፤ ዘሩ የአገሬው ስም ተሰጥቶታል፣ የሩዙ ማሽን ግን ማሽን እንደሆነ ቀርቷል። ገለባውን መፈልፈል አንድ ሥራ ነው፣ ፍሬውን ፈትጎ ማንጣት ሌላ ሥራ ነው። ሁለቱን በአንድ የብረት በርሜል ውስጥ አንድ ጊዜ የሚያደርገው ዓይነት ዋጋው ረከስ ይላል፣ ፍሬ ግን ይበልጥ ይሰብራል። መጀመሪያ በላስቲክ ጥቅል ፈልፍሎ ቀጥሎ የሚፈትገው ፍሬውን በሙሉነቱ ያወጣል። ሁለቱም በደረሰኝ ላይ «የሩዝ ማሽን» ተብለው ይጻፋሉ። ስብርባሪ ሩዝ በገበያ ከሙሉው በታች እንደሚሸጥ ግን ለወረታ ገበያ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ግዥ ኮሚቴዎች ይህን ሁሉ በአንድ መስመር ሊጽፉት ይችላሉ። «አንድ ሞተር» በሚለው ፋንታ ለምሳሌ፦ በናፍጣ የሚሠራ ውሃ መሳቢያና መግፊያ፣ ከነመሳቢያ ቱቦው፣ ከነማጣሪያው፣ ከወንዙ አፋፍ እስከ ማሳው ያለው ከፍታና ርቀት ተለክቶ፣ ቺንጊያና ኩሽኔታ መለዋወጫ ተጨምሮ፣ የሚያሠራው ሰው በሻጩ ሠልጥኖ። መሐንዲስ ማለት ልክ የሚያውቅ መሆኑ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ገመድ ይዞ አፋፉን መለካት ዲግሪ አይጠይቅም። ዕቃው መጋዘን ሲገባ ደግሞ ከጎኑ የተመታችውን ትንሽ የብረት ጽሑፍ ማየት ያሻል። ሞዴሉ፣ ተከታታይ ቁጥሩ፣ ጉልበቱና በደቂቃ የሚዞረው ዙር የተጻፈው እሷ ላይ ነው። መለዋወጫ ሻጩም የሚጠይቀው እሱኑ ነው። ሁለት በጋ በዘይትና በፀሐይ ካለፈባት ፊደሉ ይጠፋል፤ ስለዚህ ዕቃው በገባበት ቀን በንብረት መዝገቡ ላይ፣ ንብረት ክፍሉ ሳይፈርም፣ እንዳለ ይገልበጥ።